ከአሸንዳው በላይ

የአቶ ተከስተ ሕንፃ፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ ከተረፉት አንዱ ነው። ግራና ቀኙ የነበሩት ቤቶች ተነሥተዋል፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ ዳር ዳሩ ዘንባባ ተተክሎበታል፤ እሱ ብቻ ፎቆቹን ተሸክሞ እዚያው ቆሟል። ባለቤቱ ይህን ለሰው ሁሉ ሲያወሩ አይታክታቸውም። ቀጥ ብሎ የቆመው ቀጥ ያለ ሥራ ስለሠራሁ ነው ይላሉ፤ ከሰሜን በጨርቅ ንግድ ጀምረው እዚህ መድረሳቸውንም ሳይጨምሩ አያልፉም። ከመሬት በታች ያለውን የመኪና ማቆሚያ ግን ከረገጡት ዓመታት አልፈዋል። የእሳቸው መኪና የሚቆመው ውጭ፣ በጥበቃው ዓይን ሥር ነው።

በዚያ የሐምሌ ጠዋት ጦቢያ አምኃ ቤዝመንቱ ውስጥ መሰላል ላይ ቆማ ጣሪያውን በትንሽ መዶሻ ትመታ ነበር። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ያረጀ ኮንክሪት ትመረምራለች። ደህና ኮንክሪት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ውስጥ ውስጡን የተላቀቀ ከሆነ ግን ድምፁ ይታፈናል፣ ባዶ ሣጥን የመቱ ያህል ነው። ከጠዋት ጀምሮ የመታችው ጣሪያ አብዛኛው ክፉ አልነበረም። የቀራት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጥግ ላይ ያለው ማቆሚያ። እዚያ ለመድረስ ግን የፈለገች አትመስልም። ሻይ ጠጣች፣ ስልኳን አየች፣ የጨረሰችውን እንደገና መታች።

ጥጉ ላይ አንድ የቆርቆሮ አሸንዳ ተሰቅሏል። የሰቀለው የአቶ ተከስተ ልጅ አረጋዊ ነው። የሰቀለውም ለእሷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ የጦቢያ መሥሪያ ቤት ወደ ደምበል ከመዛወሩ በፊት፣ ቢሮው እዚሁ ሕንፃ ላይ ነበር። የቢሮውን ፒክአፕ እዚያ ጥግ ታቆማለች። ከጥጉ በላይ ባለው ግቢ ደግሞ አረጋዊ ላቫጆ ከፍቶ መኪና ያሳጥባል። የላቫጆው ውሃ በወለሉ ሰርጎ ጠብ ጠብ እያለ የፒክአፑን መስታወት በነጭ ነጠብጣብ ያበላሸዋል፤ ኖራ የያዘ ውሃ ነውና በጨርቅ አይለቅም። አንድ ቀን ተናዳ ወጣችና የላቫጆውን ኃላፊ ጥሩልኝ አለች። የመጣው እጅጌውን እስከ ክርኑ የጠቀለለ፣ ሲያዳምጥ አንገቱን ጠምዘዝ የሚያደርግ ረጅም ወጣት ነበር። ወቀሳዋን እስከ መጨረሻው ሰማ፣ ስሟን ጠየቃትና ሄደ። በማግስቱ ስትመጣ ከጣሪያው ሥር አዲስ አሸንዳ ተሰቅሎ፣ ጠብታውን ወደ ግድግዳው ሲወስደው አገኘች። አሸንዳው ላይ በቀይ ቀለም "የጦቢያ ቦታ" ተብሎ ተጽፏል።

ሳቀች። መሐንዲስ መሆኗን ረስታ ሳቀች። ውሃው ለምን ይወርዳል ብሎ መጠየቅ የነበረበት ሰው ቢኖር እሷ ነበረች፤ ግን በሕይወቷ ስሟን በቀይ ቀለም ጽፎ የሰቀለላት ሰው አጋጥሟት አያውቅም ነበርና ጥያቄው ከአፏ ሳይወጣ ቀረ። ማኪያቶ ጋበዘችው። ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ፣ ፍቅሩም፣ ኩርፊያውም፣ ስልክ ይዞ ማምሸቱም፣ ከዚያች አሸንዳ ሥር የተነሣ ነው።

አቶ ተከስተ ጉዳዩን የሰሙ ዕለት መልሳቸው አጭር ነበር። የቄራ ሥጋ ቆራጭ ልጅ ቤቴ አትገባም አሉ። የጦቢያ አባት ጋሽ አምኃ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቄራ በሬ ሲገፍፉ፣ ሥጋ ሲበልቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በዚያ ሥራ ነው ልጃቸውን መሐንዲስ ያደረጉት። አረጋዊ አባቴን አሳምናለሁ፣ ጊዜ ስጪኝ አለ። ሰጠችው። ጊዜው ግን ሦስት ዓመት ሆነ፣ የሰፈር ሴቶችም እናቷን ወይዘሮ ደብሪቱን በየለቅሶ ቤቱ፣ ልጅቷ ምን ሆና ነው እያሉ ማድማት ጀመሩ።

ሰኔ ላይ ከቤዝመንቱ ጣሪያ አንድ ሰሐን የሚያህል ቁራሽ ወድቆ የእንግዳ መኪና ኮፈን አሰረጎደ። ሕንፃው እንዲመረመር ታዘዘ፤ ሥራውም ዞሮ ዞሮ የጦቢያ መሥሪያ ቤት ገባ። ለአለቃዋ ለኢንጂነር ኢተፋ እውነቱን ነገረቻቸው፤ ከባለቤቱ ልጅ ጋር ነገር አለኝ አለች። ኢንጂነር ኢተፋ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ሽማግሌ ገብቷል ወይ ብለው ጠየቋት። አልገባም አለች። እንግዲያው ገና ባዳ ናችሁ፣ ሥራሽን ሥሪ፤ ሽማግሌ ገብቶ እሺ የተባለ ዕለት ግን ፋይሉን ታስረክቢያለሽ አሏት።

አሁን መሰላሉን የሚይዝላት ራሱ አረጋዊ ነው። አሸንዳውን ማንሳት ግድ መሆኑን ስትነግረው ቀና ብሎ ቀዩን ጽሑፍ አየ።

"ሌላ ቦታ ብትመቺስ?" አለ።

"ሌላውን ጨረስኩ።"

ብሎኑን እሱ ራሱ ፈታው። አሸንዳው ወረደ፤ ከበስተኋላው የነበረው ጣሪያ ዝገት ቡናማ ያደረገው፣ ያበጠ፣ ርጥብ ነበር። ጦቢያ መታችው። ድምፁ ታፈነ። ሁለተኛ ስትመታው ልስኑ ከነኮንክሪቱ ተገምሶ እግራቸው ሥር ወደቀና ውስጡ ያለው ፌሮ ታየ። ጣት የሚያህል የነበረው ብረት ተልጦ ተልጦ እርሳስ አክሏል። ዋናው ተሸካሚ ቢምም እስከ ደገፈው ምሰሶ ድረስ ተሰንጥቋል።

ከቦርሳዋ መርጪያውን አወጣች። ፈሳሹ ራሱ ቀለም የለውም፤ ጤነኛ ኮንክሪት ላይ ሲያርፍ ግን ወዲያው ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ጤናው የሄደበት ላይ ሲያርፍ ውሃ ሆኖ ይቀራል። አዲስ የተገመሰውን ቦታ ረጨችው። ሁለቱም ቀና ብለው ጠበቁ። አረጋዊ ትንፋሹን ይዞ ነበር፣ እንደ ሕፃን።

"አልቀላም አይደል?" አለ በመጨረሻ።

"አልቀላም።"

ለላብራቶሪ የሚሆን ናሙና በመሰርሰሪያ አስወጣች፣ ጥጉም ዛሬውኑ ይዘጋ ብላ አዘዘች። ጥበቃዎቹ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አምጥተው ቦታው መሐል አስቀመጡ፤ መዝጋት ማለት ይኼው ነበር። አሸንዳው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጦቢያ ስሟን እያየች ዕቃዋን ሰበሰበች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እናቷ ደወሉላት። ቤት ቶሎ ነይ አሏት፤ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ጦቢያ ክፉ ነገር መስሏት በታክሲ በረረች። ቄራ ስትደርስ ጋሽ አምኃ የግቢውን በር አረንጓዴ ቀለም ሲቀቡ አገኘቻቸው፤ ሱሪያቸው ሁሉ ቀለም ሆኗል። የአቶ ተከስተ ሰዎች ልከው ነበር። እሑድ ሽማግሌ ይገባል።

እናቷ አቅፈዋት አለቀሱ። ጦቢያም አለቀሰች፣ ከልቧ። ይህን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቧ አይታዋለች፤ የምትለብሰውን፣ የምትደበቅበትን መጋረጃ፣ ሽማግሌዎቹ የሚቆሙበትን ቦታ ሳይቀር። ለአረጋዊ ደወለችና እሑድ፣ እሑድ ተባባሉ። ደስ አላት። ይህን መካድ አይቻልም፤ ያን ዕለት ጦቢያ ደስ አላት።

ደስታው እስከ ማግስቱ ቆየ። ማግስቱን ለኢንጂነር ኢተፋ ስትነግራቸው እንኳን ደስ ያለሽ አሉና፣ የላብራቶሪው ውጤት ገና ስላልደረሰ ነገሩ ምን እንደሚሆን አስረዷት። እሑድ አባትሽ እሺ ካሉ ሰኞ ፋይሉን ታስረክቢያለሽ፤ ቤተ ዘመድ በቤተ ዘመዱ ቤት ላይ አይፈርምም። ጉዳዩ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ ምርመራው ከዜሮ ይጀመራል፣ ክረምቱም በዚያው ያልፋል አሏት። ይህን ያሉት እንደ ዋዛ ነው። ጦቢያ ግን ቀኖቹን ቆጠረች። ሦስት ዓመት እምቢ ያሉ ሰው በዚህ ሳምንት እሺ ያሉት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባት።

ወጥታ በእግሯ ካዛንቺስ ሄደች። ቤዝመንቱ ውስጥ የፕላስቲኩ ወንበር ወደ ግድግዳው ተገፍቷል። በቦታው አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች። የአረጋዊ እናት መኪና ናት።

ከሰዓት በኋላ ደምበል አካባቢ ካለ አንድ ካፌ ተገናኙ። ዝናቡ መስታወቱን እየገረፈው ውጪው አይታይም። አረጋዊ ፈገግ ብሎ ገባ፤ ፊቷን ሲያይ ፈገግታው እዚያው ቀረ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፣ አስተናጋጇንም በእጁ መለሳት።

"አባትህ እንዴት እሺ አሉ?" አለችው።

መክደኛ የሌለውን የስኳር ዕቃ ወደ ራሱ ሳበ፣ መልሶ ገፋው።

"አረጋዊ፣ እየጠየቅኩህ ነው።"

"ያየነውን ነገርኳቸው። ማለቴ፣ እንዲጠግኑት ብዬ ነው የነገርኳቸው፤ አደጋ አለው አልኳቸው። ማን ነው የሚፈርመው አሉኝ፤ አንቺ መሆንሽን፣ ሽማግሌ እስኪገባ ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። በማግስቱ ጠሩኝና፣ ያቺን ልጅ ለመሆኑ አሁንም ትፈልጋታለህ ወይ አሉኝ።"

"ለምን እንደጠየቁህ ገባህ?"

"ገባኝ።"

"መቼ?"

አንገቱን ጠምዘዝ አደረገ፣ እንደ ልማዱ። "ያኔውኑ" አለ።

ጦቢያ ውሸት እንዲላት ፈልጋ እንደነበር ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። አልገባኝም ቢላት፣ ዛሬ ካንቺ ሰማሁ ቢላት፣ ታምነው ነበር፤ ሳታምነውም ቢሆን ታምነው ነበር።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ቃል ስጠብቅ ነበር ጦቢዬ። ለምን አሉት ብዬ ብመረምረው ይጠፋብኛል ብዬ ፈራሁ። በቃ፣ ያዝኩት።" ወደ ፊት ጎንበስ አለ። "አንቺን ለማታለል አይደለም። እምልልሻለሁ።"

"እኔን እኮ አልጠየቁም። ፊርማዬ እንዲቀር ነው የጠየቁት።"

"እኔ ግን የጠየቅኩት አንቺን ነው።"

ልትቆጣው ፈልጋ ቁጣው አልመጣላትም። ውሃው ከየት ይመጣል ብላ ሳትጠይቅ አሸንዳውን የወደደች እሷ ናት፤ እሱም ከአባቱ አፍ የወጣውን እሺታ እንዲሁ ነው የወደደው። ሁለቱም ያንኑ ጥፋት ነው ያጠፉት። ይህን ማወቋ አላጽናናትም፤ እንዲያውም ባሰባት። የእናቱ መኪና የት እንደቆመች ነገረችው። ፊቱ ደም አጣ።

ከዚያ ያሰበችውን ነገረችው። እሑድ አባቷ እሺም እምቢም አይሉም፤ ቀጠሮ ይሰጣሉ። በሰጡት ቀጠሮ ውስጥ እሷ ሥራዋን ትጨርሳለች፣ የምትፈርመውንም ትፈርማለች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ይመጡ እንደሆነ ይታያል። አረጋዊ እጇን ያዘ።

"አባቴ ባይልኩ እኔ እመጣለሁ" አለ። "ብቻዬን መጥቼ አባትሽ ፊት እቆማለሁ። ቁጭ በል ቢሉኝም አልቀመጥም።"

የዚህን ቃል ትርጉም የማያውቅ የአገር ልጅ የለም። ሽማግሌ ደጅ ሲገባ ቁጭ በሉ ይባላል፤ ጉዳይ ያለው ሰው ግን ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ ቆሞ ይጠይቃል። የተቀመጠ ሰው፣ የሚጠይቀው የለውም ማለት ነው። ጦቢያ ቃሉን ተቀበለችው። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ፣ ማንም ቢያያቸው ሊጋቡ ያሉ ደስተኞች ይመስሉት ነበር።

ለአባቷ መንገሩ ከሁሉ ከበዳት። ጋሽ አምኃ በሩ ላይ የቀረችውን ቦታ እየቀቡ ነበር። የምትለውን እስክትጨርስ ብሩሹን አላቆሙም። ከዚያ ቀለም ጣሳው ላይ አስቀመጡትና እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

"ቀጠሮ ብሰጣቸው ላይመለሱ ይችላሉ" አሉ።

"አውቃለሁ አባዬ።"

"እድሜሽም ሄዷል። አይክፋሽ፣ እናትሽ የምትለውን ነው የምልሽ።"

"አውቃለሁ።"

የቀቡትን በር አዩት። "እኛ ቄራ ስንሠራ የከብት ሐኪሙ ይጣል ያለውን ሥጋ የበሬው ጌታ እያለቀሰ እንኳ አያስመልሰውም ነበር" አሉ። "ሐኪሙን ብዙ ጊዜ ጠልቼዋለሁ። ደግሞ ቤቴ የገባውን ሥጋ ሁሉ ሳልፈራ በላሁ።" ብሩሹን አነሡ። "ቀጠሮ እሰጣለሁ። አሁን ግቢና ለእናትሽ አንቺው ንገሪያት፣ ያንን እኔ አልችልም።"

እሑድ ሽማግሌዎቹ ገቡ። መሪያቸው አቶ ለተሚካኤል፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው የለበሱ፣ አንደበታቸው የጣፈጠ ትልቅ ሰው ናቸው። ቁጭ በሉ ሲባሉ ጉዳያችን ይሰማልን አሉና ቆሙ። ልጃችን አረጋዊን ልጅ አድርጉልን ብለው ጠየቁ። ጦቢያ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። የጠየቁት ነገር ምን እንደሆነ እያወቀችም ቃሉን ከሽማግሌ አፍ መስማቷ ደስ አላት። ጋሽ አምኃ ዘመድ ላማክር፣ ልጄንም ልጠይቅ፤ ጾሙ እየገባ ነውና ፍልሰታ ሲፈታ፣ በመጀመሪያው እሑድ ተመለሱ አሉ። ወጉ ይኸው ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት የለም፣ ቀጠሮ የማይጠብቅ ሽማግሌም የለም። አቶ ለተሚካኤል ግን እባክዎ ዛሬውኑ ይጨርሱልን አሉ። ጋሽ አምኃ ቀና ብለው አዩዋቸው። ሽማግሌ ሲቻኮል በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም፤ ልጃቸው የነገረቻቸውን ሙሉ በሙሉ ያመኑት ያን ጊዜ ነው። ቀጠሮውን ደገሙላቸው።

የላብራቶሪው ውጤት መጣ። ከተፈራው የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም። ጦቢያ ፈረመች። ቤዝመንቱ ከነግቢው ተዘጋ፣ ላቫጆው ቆመ፣ በጥጉ በኩል ያሉት ፎቆች እስኪጠገኑ እንዲለቀቁ ታዘዘ። ሠራተኞች የብረት ፑንቴሎ አምጥተው ጣሪያውን ሲደግፉ እሷም እያየች ነበር።

አቶ ተከስተ ያን ቀን በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች ወረዱ። ከዘራቸውን ተደግፈው ጥጉ ድረስ መጡ። ወደ ጣሪያው አላዩም፤ እሷን ነው ያዩት። ጦቢያ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

"ልጄን ልሰጥሽ ነበር እኮ" አሉ ቀስ ብለው።

ባለቤትዎ መኪናቸውን የሚያቆሙት እዚህ ሥር ነው ልትል አፏ ላይ መጣ። ፊታቸውን ስታይ ተወችው፤ ሕንፃቸው የታመመባቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ዞረው ሲወጡ አንዱን እግራቸውን ይጎትቱ ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ የነበረው አሸንዳ ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ሄዶ ነበርና ቦታውን ብታየው ባዶ ነው።

አረጋዊ በዚያ ሰሞን አልደወለም። አንድ ቀን ብቻ፣ አባቴ ታመው ተኝተዋል የሚል መልእክት ላከ። ጦቢያ ምን ብላ እንደምትመልስ ስታስብ ዋለች፤ እግዚአብሔር ይማርልህ ብላ ላከች። ለማንኛውም ሰው የሚላከውን። ሌላ ብዙ ጽፋ አጥፍታው ነበር።

ጾሙ ተፈታ፣ የቀጠሮው እሑድም ደረሰ። ጋሽ አምኃ ሥጋውን ራሳቸው ቄራ ሄደው መርጠው፣ ራሳቸው ቆራርጠው አመጡት። ይመጣሉ ብለው ያመኑ አይመስልም፤ ግን ቀጠሮ የሰጠ ሰው ባይዘጋጅ ነውር ነው። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ደብሪቱ ወንበሮቹን ደረደሩ፣ ጠረጓቸው፣ እንደገና ጠረጓቸው። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰ፣ ምሳ ሰዓት ሆነ፣ ምሳ ሰዓትም አለፈ። በአረንጓዴው በር ፊት የሚያልፉ ጎረቤቶች አንገታቸውን እያሰገጉ ያልፋሉ። ጦቢያ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና የአባቷን ትከሻ ታያለች። ያ ትከሻ በየጥቂቱ ዝቅ እያለ ነበር።

ካፊያው ሲጀምር በሩ ተንኳኳ።

አረጋዊ ብቻውን ነበር። ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ፀጉሩ ረጥቦ፣ ከስቶ። ወንድ ልጅ ለራሱ ጉዳይ ብቻውን ደጅ አይገባም፤ ቢገባም እንደ ሞኝ ይቆጠራል። እሱ ግን ገባ፣ አጎንብሶ ሰላምታ ሰጠና ጋሽ አምኃ ፊት ቆመ። ጦቢያ የመጋረጃውን ጫፍ በእጇ ጨመደደችው። መጣ። እንዳለው ብቻውን መጣ፣ እንዳለውም ቆሟል።

"ሽማግሌዎቹ አይመጡም ጋሼ" አለ። "ቀጠሮ የሰጡ ሰው በር በር ሲያዩ እንዳይውሉ ብዬ ነው የመጣሁት። የቀድሞው ቀንም እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ለምን እንደተላኩ እያወቅኩ ነው ያስላክኳቸው። ይቅር ይበሉኝ።"

ጋሽ አምኃ ቀና ብለው አዩት።

"ትናንት ልስኑን አራግፈን አየነው። የጻፈችው ሁሉ ልክ ነው፤ እንዲያውም አሳንሳዋለች። እናቴ እዚያ ሥር ነበር የምታቆመው። ይህን ንገሩልኝ።"

"አባትህስ እንዴት ናቸው?"

"ከተኙበት አልተነሡም። ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም። ያላቸው ልጅ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሷን ያመጣህ ቀን ቀብሬ ላይ አትቁም ብለውኛል።" የረጠበ ኮቱን ወደ ታች ሳብ አደረገ። "በቃ፣ ይኼው ነው።"

ካፊያው ቆርቆሮውን ይነካካል። ወይዘሮ ደብሪቱ ጓዳ በር ላይ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ጋሽ አምኃ ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱን ወደ አረጋዊ አቀረቡለት፤ ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ መልሱን ራሳቸው እንደሚፈሩት ሰው፦

"እሺ ልጄ" አሉ። "ቁጭ በል።"

አረጋዊ ወደ መጋረጃው ቀና አለ። እዚያ እንዳለች ያውቃል። በስስ ጨርቅ ማዶ ተያዩ፤ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ያዩት ሁሉ በዚያች እይታ ውስጥ ነበረ፣ ቀይ ቀለሙም፣ ማኪያቶውም፣ አልቀላ ያለው ጣሪያም። ቁም ብላ ልትጮህ ፈለገች። እግርህ እስኪዝል ቁም፣ አባትህ ባይወዱም ቁም፤ እኔ እንኳ ፊርማዬን ለአንተ ብዬ አላጠፍኩም፣ አንተም ቃልህን አትጠፍ ልትለው ፈለገች። ደግሞ የሚጎተት እግር ትዝ አላት፣ የደረቀ ከንፈርም። አልጮኸችም።

ተቀመጠ።

ወንበሩ ሲጥ ሲል ብቻ ተሰማ። ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ ጓዳ ገቡ። ጋሽ አምኃም ከጎኑ ተቀመጡና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው። እዚያ ቤት የመጣ ሰው ሳይቀምስ አይሄድምና እጁን አስታጥቡት ብለው ወደ ውስጥ ተጣሩ።

የምታስታጥበው ጦቢያ ናት፤ ሌላ ልጅ በቤቱ የለም። ማንቆርቆሪያውንና ሳህኑን ይዛ ወጣች። አረጋዊ እጁን ዘረጋ። እጅጌውን ወደ ላይ ስትሰበስብለት ክርኑን ነካችው፣ መጀመሪያ ያየችው ቀን ተጠቅልሎ የነበረበት ቦታ ድረስ። ውሃውን ቀስ ብላ አፈሰሰችለት። ውሃው በጣቶቹ መሐል አልፎ ሳህኑ ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ ሁለቱም የሚያዩት ያንን ነበር እንጂ አንዳቸው የአንዳቸውን ፊት አላዩም። ውሃው ሲያልቅ ፎጣውን አቀበለችው። አልጠላችውም። ብትጠላው ይቀላት ነበር።